ምጥ ላይ ሳልተኛ፣ ቆሜና ተንቀሳቅሼ ለመውለድ ከአሁኑ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የማራኪ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 33ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ የመውለጃ ጊዜዬም ለጥምቀት ሰሞን እንደሚሆን በክትትል ተነግሮኛል። እስካሁን በተደረጉልኝ ምርመራዎች የደም ግፊቴም የደም መጠኔም ደኅና ነው፤ ልጁም ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጓል ተብያለሁ። የምጽፈው ሕመም ኖሮብኝ ሳይሆን፣ ምጥ ሲይዘኝ ቆሜ፣ ተራምጄ፣ ተንበርክኬ ለመውለድ እንድችል ከአሁኑ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ለመጠየቅ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ታላቅ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የጤና ተቋም ስትወልድ፣ ከገባችበት ሰዓት አንሥቶ እስክትገላገል ድረስ በጀርባዋ እንድትተኛ ተደርጋለች፤ ለመነሣት በሞከረች ቁጥር «ተኚ» ትባል ነበር፤ ከእኛም ወገን አንድ ሰው አጠገቧ እንዲገባ አልተፈቀደም። የወገቧ ሕመም ከምጡ ይልቅ እንዳሠቃያት ዛሬም ትናገራለች። እናቴ ደግሞ በደምቢያ ገጠር አራት ልጆቿን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን በአያቴ ትከሻ ላይ ጥላ ነው የወለደችው። ነገር ግን ከአራቱ አንዱን በማግሥቱ ቀብራዋለች። ስለዚህ እቤት መውለድ በሐሳቤም የለ፤ የምፈልገው እንደ እናቴ ተንበርክኬ፣ ግን ከባለሙያ እጅ ሳልወጣ መውለድ ነው።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ስለሆነ ጉልበቴም ጭኔም አልጠነከሩም፤ ቁጢጥ ስል ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆይም። በቀሩኝ ሰባት ሳምንታት ሰውነቴን በምን ላለማምደው? በዚህ ጊዜ ቁጢጥ ማለትስ ለልጁ ያሰጋል? ከጎኔስ ማን ቢሆን ይሻላል፣ ባለቤቴ ወይስ እናቴ? ባለሙያዎቹንም ሳላስቀይም ፍላጎቴን እንዴት ላስረዳቸው? በዚህ ያለፋችሁ እናቶችም ባለሙያዎችም ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አዋላጅ ባለሙያ፣ አዘዞ

ውድ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እቤት አልወልድም ማለትዎ ትክክል መሆኑን ልናገር። በአገራችን ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል በጤና ተቋም የሚወለዱት እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው ደግሞ 48 ደርሰዋል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ደም ሲፈስሳቸው የተደረሰላቸው እናቶችና ሳይተነፍሱ ተወልደው የተረፉ ሕፃናት አሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ እናቶቻችን ከቤት ወደ ተቋም ሲመጡ ተንበርክኮ የመውለድን ልማድ በር ላይ ጥለው እንዲገቡ መደረጋቸው ነው።

በጀርባ ተኝቶ መውለድ ለእናት ደኅንነት ተብሎ የተጀመረ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን ሴቶች በአልጋ ላይ እንዲወልዱ ከመከሩት መካከል ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ሞሪሶ አንዱ ነበር፤ ለአዋላጁ ዓይንና እጅ የሚመች በመሆኑም ተስፋፍቶ ወደ እኛ ዘንድ ደረሰ። በሌላው ዓለምም እናቶች ተቃውመውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በለንደን አንድ ሆስፒታል ቆሞ መውለድን በከለከለ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ነበር፤ ጃኔት ባላስካስ የምትባለው ሴት «ንቁ ወሊድ» የሚባለውን እንቅስቃሴ ያስፋፋችውም በዚያው ዘመን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ደግሞ፣ የተለየ ሥጋት የሌለባት እናት በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስና ቀጥ ብላ እንድትቆይ መበረታታት እንዳለባት፣ ለመግፋትም የምትመርጠው አቋም እንዲከበርላት ይመክራል። ለእናትዎ ግን ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም።

ጥቅሙ ከምን እንደሚመጣ ካወቁ፣ በዚያ ሰዓት ማንም ሳይነግርዎ የሚስማማዎትን አቋም ያገኙታል። ማኅፀን ቁርጠት ሲመጣ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እናት ቆማ ወደ ፊት ስትደገፍ በፈለገበት አቅጣጫ ይሄድላታል፣ የልጁም ክብደት በማኅፀን በር ላይ ያርፋል፤ በጀርባዋ ከተኛች ግን ማኅፀኑ በእያንዳንዱ ቁርጠት ያንን ክብደት ወደ ላይ ማንሣት አለበት። የወገብ መጨረሻው አጥንትና የጭራ አጥንት ልጁ ሲያልፍ ጥቂት ወደ ኋላ የመሸሽ ዐቅም አላቸው፤ ፍራሽ ላይ ተጭነው ከተያዙ ግን መንገዱ ይጠባል። ከዚህም በላይ የከበደው ማኅፀን ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው፣ አንዳንድ እናቶችን በጀርባቸው ሲተኙ ያዞራቸዋል፤ ወደ ልጁ የሚደርሰውም ደም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 25 ጥናቶችንና 5,218 ሴቶችን አካትቶ፣ በመጀመሪያው የምጥ ክፍል፣ ማለትም የማኅፀን በር ተከፍቶ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ፣ ቀጥ ብለው የቆዩት ሴቶች ምጥ ተኝተው ከቆዩት በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ እንዳጠረ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱትም እንዳነሱ አግኝቷል። ስለ መግፊያው ጊዜ ግን ሁለቱንም ጎን ልንገርዎ፤ በመሣሪያ ተስቦ መወለድና በመቀስ መቆረጥ ይቀንሳል፣ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የሚፈስሳቸው እናቶች ግን በርከት ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ልጁ እንደወጣ የሚሰጥዎትን፣ ማኅፀንን አኮማትሮ ደም የሚቀንሰውን 10 ዩኒት የኦክሲቶሲን መርፌ በደስታ ይቀበሉ፤ ለመግፋት ተንበርክከው ቢቆዩም እንግዴ ልጁ ሲወጣና የሚፈስሰው ደም ሲታይ ጋደም ይበሉ።

አሁን ወደ ሰውነትዎ ልምምድ ልምጣ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከተማችን ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ሜዳማውን መንገድ ይምረጡ፣ እየተራመዱ ማውራት ካቃተዎትም ይቀንሱ። ቁጢጥ ለማለት እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም የባለቤትዎን ሁለት እጆች ይዘው ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ተረከዝዎ ከመሬት ከተነሣ የተጠቀለለ ጋቢ ሥሩ ያድርጉበት። ሁለት ደቂቃ መቆየትዎ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ አንድ ቁርጠት ከዚያ አይበልጥምና፣ የሚያስፈልግዎ ለአንድ ቁርጠት መቆየትና መካከሉን ማረፍ መቻል ነው። ቡና የሚፈላበት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ጉልበትን ከፍቶ መቀመጥም ያው ጥቅም አለው። ደም ካልታየዎት፣ ልጁ በመቀመጫው ካልዞረና እንግዴ ልጁ ከማኅፀን በር አጠገብ ነው ካልተባሉ፣ ቁጢጥ ማለት ልጁን አይጎዳውም፤ ጉልበትዎን ወይም ከፊት ያለውን የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ካመመዎት ግን ይተዉት። ማታ ማታ ወለል እንደሚወለውል ሰው በእጅና በጉልበትዎ ሆነው ዳሌዎን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ ምጥዎ እንደ እህትዎ ወገብ ላይ የሚከብድ ከሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳርፍዎ ይህ አቋም ነው። የነቢያትን ጾም የሚጾሙ ከሆነም ከንስሐ አባትዎና ከክትትል ባለሙያዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለዚህ ሥራ ጉልበት ያስፈልጋል።

ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት ከመጀመሪያው ቁርጠት ጀምረው ሲንጎራደዱ አድረው ድካም ላይ ስለሚደርሱ ነው። ንቁ ምጥ የሚባለው የማኅፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ ወዲህ ያለው ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ልጅ ከዚያ በኋላ እንኳ እስከ 12 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ቁርጠቱ ሲራራቅ በጎንዎ ተኝተው ይረፉ፣ ውኃ፣ አጥሚት ወይም ሻይ በማር ይጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብም ይቅመሱ፤ ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚሰጥ ሥርና ቅጠል ግን በፍጹም አይውሰዱ።

ባለሙያው «ተኚ» ሲልዎት ያለ ምክንያት ላይሆን የሚችልባቸው ጊዜያት አሉ፤ ደም ሲታይ፣ የልጁ የልብ ምት ሲዛባ፣ የደም ግፊት ከፍ ሲል፣ ወይም የልጁ ጭንቅላት ገና ከፍ ብሎ ሳለ የሽርት ውኃ ሲፈስስ። በመጨረሻው ሁኔታ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ስለሚችል እስክትመረመሩ ድረስ መተኛት ግዴታ ነው።

ባለሙያዎቹን ለማነጋገር ምጥ እስኪይዝዎ አይጠብቁ፤ በሚቀጥለው ክትትል ይጠይቁ። «አልተኛም» ብለው ከሚጀምሩ፣ «የልጁን የልብ ምት ልትሰሙ በመጣችሁ ቁጥር ባላችሁኝ እሆናለሁ፤ በመካከሉ ግን ቆሜ ብቆይ ደስ ይለኛል» ቢሏቸው እምቢ የሚል ባለሙያ ጥቂት ነው። የልብ ምት በንቁ ምጥ ጊዜ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በመግፊያው ጊዜ በየ5 ደቂቃው ይሰማል፤ እናት ቆማም ተንበርክካም ማዳመጥ ይቻላል። ጤና ሚኒስቴር ለዓመታት ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ እንድንሆን ሲያስተምረን የኖረ ነውና፣ መጠየቅዎ ነውር አይደለም። አብሮዎት ስለሚሆነው ሰው፣ በብዙ ተቋማት አንድ ክፍል ለብዙ እናቶች ስለሆነ ወንድ ለማስገባት ይቸገራሉ፤ ሁለቱንም ያዘጋጁ፣ የሚፈቀደው ማን እንደሆነም አስቀድመው ይወቁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አራዳ

ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔ ሁለቱን ልጆቼን በጀርባዬ ተኝቼ፣ ሦስተኛዋን ተንበርክኬ ወልጃለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውቀዋለሁ። ሦስተኛዋ ሳትከብደኝ ቀርታ አይደለም፤ ምጥ ምጥ ነው። ልዩነቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምጡ በእኔ ላይ ሲመጣ በሦስተኛዋ ጊዜ እኔ ወደ እርሱ እሄድ ነበር ብዬ ብነግርሽ ይገባሻል መሰለኝ። ቁርጠቱ ሲነሣ የመስኮቱን ደፍ ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ እህቴ ከኋላዬ ቆማ በመዳፏ ወገቤ መጨረሻ ላይ አጥብቃ ትጫነኛለች፤ ሲያልፍ ትከሻዬ ይወርዳል፣ ውኃ ትሰጠኛለች፣ ደግሞ እንራመዳለን። የነበረችው አዋላጅ ወጣት ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ቆሜ ሳለሁ የልጄን ልብ አዳምጣ «ደኅና ነው፣ ቀጥይ» ስትለኝ የተሰማኝን ዕረፍት አልረሳውም።

ስለ ድምፅ ልንገርሽ፣ ይህን ማንም አይነግርሽምና። በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ጥርሴን ነክሼ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ጉሮሮዬም ጭኔም አብረው ይቆለፉ ነበር። በሦስተኛዋ ግን እናቶቻችን እንደሚሉት «ማርያም፣ ማርያም» እያልሁ ቃሉን በረጅሙ፣ ከሆዴ፣ ወደ ታች አወጣዋለሁ። ጸሎት ነው፤ ደግሞም ትንፋሽ ነው። ቃሉን ስታስረዝሚው ትንፋሽሽ ይወጣል፣ መንጋጋሽ ይላላል። ከአሁኑ ማታ ማታ ተለማመጂው።

የምትይዢውንም ልንገርሽ። ጥር ላይ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፤ የሆስፒታል ወለል ደግሞ ከሌሊቱ ይብሳል። ወፍራም ካልሲ፣ ጋቢ፣ ከጉልበትሽ ሥር የሚታጠፍ ብርድ ልብስ፣ ከፊት የሚከፈት ሰፊ ቀሚስ፣ አጥሚት በፔርሙስ ያዢ። ከሁሉ በላይ ግን ቀንሽ ለጥምቀት ሰሞን ነው ብለሻልና መኪናውን አስቢበት። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ በማግሥቱም ሲመለሱ መንገዱ በሰው ይዘጋል፤ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ሕዝብ መካከል መኪና ውስጥ ተቀምጣ መቆም የለባትም። ጥር 10 እና 11 ከሰልፉ ወዲያ ማዶ ላይ እንዳትቀሪ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ ከሹፌር ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ወይም ለተቋሙ ከሚቀርብ ዘመድ ቤት እደሪ። ጥምቀት በየዓመቱ አለ፣ የዘንድሮው ቢያልፍሽ አይቆጭሽ።

መልስ፦ አንድ አባት፣ ፒያሳ

እህቴ፣ «ባለቤቴ ወይስ እናቴ» ያሉትን አንብቤ ነው የምጽፈው። እኔ ባለቤቴ ስትወልድ አብሬያት ለመግባት ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጅቼ፣ በዕለቱ በር ላይ ቀረሁ፤ በክፍሉ ሌሎች እናቶች ነበሩና ልቀየም አልችልም። ያዳነን፣ የተማርሁትን ሁሉ ለአማቴ አስተምሬያት መቆየቴ ነው፤ እርሷ ገባች። ስለዚህ የወገቡን አጫጫንም አደጋገፉንም ሁለቱም ሰዎች አብረዋችሁ ይለማመዱት።

ለባለቤትዎ አንድ ምክር አለኝ። እናት በቁርጠት ጊዜ አንገት ላይ ስትንጠለጠል ክብደቷ ሁሉ ይመጣል፤ እኔ በልምምዱ ጊዜ ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ቆሜ ወገቤን ጎድቼ ነበር። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ እግርን ከፈት፣ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ መቆም ይሻላል። እቤት ሳለን እስከ ተቋሙ ጉዞ ድረስ ያሉትን ሰዓታት እንዲህ አድርገን ነው ያሳለፍናቸው፤ ያ ጊዜ ደግሞ አጭር አልነበረም፣ የእኔም ድርሻ እርሱ ነበር። ቁርጠቱ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ መጻፍንም ለባል ይስጡት፤ እጅ ያሳርፋል፣ ሲደርሱም ለባለሙያዋ የሚጠቅም ወሬ ነው።

ጠያቂዋ፦ የማራኪ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ሆነን መልሶቻችሁን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው፤ እናቴ «ይህን ነው እኮ እኔ የምላችሁ» ብላ ተነሥታ በርጩማ ይዛ እንዴት እንደተንበረከከች አሳየችን። ያን ሕፃን በተመለከተም ከዚህ በፊት ነግራን የማታውቀውን ነገረችን።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ምጤ ቢዘገይና የምጥ መርፌው በጉሉኮስ ቢደረግልኝ መቆሜ ያበቃል ማለት ነው? ተቋሙስ «ከአልጋ ውጭ አናዋልድም» ቢለኝ?

መልስ፦ አዋላጅ ባለሙያ፣ አዘዞ

መርፌው በጉሉኮስ ሲሰጥ ቁርጠቱ ስለሚጠነክር የልጁን ልብ አዘውትረን እንሰማለን፤ ስለዚህ ኮሪደር መውጣቱ ይቀራል፤ ከአልጋው አጠገብ መቆም፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት መደገፍ፣ ዳሌን ማወዛወዝ ግን አይቀርም። ጉሉኮሱ የተሰቀለበት ብረት የሚንቀሳቀስ መሆኑን፣ ካልሆነም ላስቲኩ ምን ያህል እንደሚደርስ ይዩ፤ የሚተከልልዎትንም መርፌ እጅዎን ሲደገፉ እንዳይታጠፍ ከእጅ አንጓዎ ራቅ አድርገው እንዲተክሉልዎ ይጠይቁ።

ከአልጋ አትውረዱ ማለት በጀርባችሁ ተኙ ማለት አይደለም። የአልጋውን ራስ ከፍ አድርገው፣ ፊትዎን ወደ እርሱ መልሰው፣ ጠርዙን ይዘው አልጋው ላይ መንበርከክ ይችላሉ፤ እናትዎ በአያትዎ ትከሻ ላይ ያደረጉት በአልጋው ራስ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ያም ባይፈቀድ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ረዳትዎ እንድትይዝልዎ ማድረግ ሌላው አማራጭ ነው፤ የጭራ አጥንቱ ከፍራሹ ነፃ ይሆናል፣ ለደከመች እናትም ከቁጢጥ ይሻላል፤ ጭንቅላቱም ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይረዳል። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል በየትኛውም አቋም ቢሆኑ መግፋቱን አቁመው በአፍዎ በትንሽ በትንሹ ይተንፍሱ፤ ሥጋው እንዳይቀደድ የሚያግዘው ያ ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። አዋላጅዋ በዚያ ቅጽበት የምትልዎትን ወዲያው ያድርጉ፤ እርሷ የምታየውን እርስዎ አያዩትምና።

ጠያቂዋ፦ የማራኪ ነዋሪ

ገብቶኛል፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞ የክትትል ቀኔ ነው፤ እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። የአልጋው ራስ ከፍ ይል እንደሆነ፣ የጉሉኮሱ ብረት የሚንቀሳቀስ መሆኑን፣ ማን አብሮኝ እንደሚገባም ጠይቄ የተነገረኝን እዚሁ እጽፋለሁ።